ማስጠንቀቂያ መቼ ይገባል?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የሌላውን ስሕተት ያየ ሰው መጮኽ ይገባዋልን? ወይስ ዝም ማለት ይሻለዋል? ይህ ጥያቄ መምህር በነበርሁበት ዘመን ሁሉ ሲከተለኝ ኖሯል። አሁን በጡረታ ላይ ሳለሁ ግን ካላሰብሁት ስፍራ ምሳሌ አገኘሁለት።

የወንድሜ ልጅ የሊኑክስን ከርነል ኮድ ከሚመረምሩት አንዱ ነው። ከርነል ማለት የኮምፒዩተሩን ማኅደረ ትውስታና ልዩ ልዩ ክፍሎች ለፕሮግራሞች ሁሉ የሚያድል፣ እንደ ቤት አዛዥ ያለ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስን በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ ጀመረው፤ ዛሬ ግን የብዙ አገር ሰዎች ይጽፉታል፤ አንዱ የጻፈውንም ሌላው መርምሮ ያርመዋል።

ልጁ እንዳስረዳኝ፣ ከርነሉ ችግር ሲያገኘው ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው፣ ለጠየቀው ክፍል «አልተቻለም» ብሎ በቍጥር መመለስ ነው፤ የማኅደረ ትውስታው ቦታ ቢያልቅ ከዜሮ በታች 12 ይላል፤ ከመመለሱም አስቀድሞ የያዘውን ሁሉ መልቀቅ አለበት። ሁለተኛው ዋርን ይባላል፤ ችግሩ የደረሰበትን መንገድ በመዝገብ ጽፎ ሥራውን ይቀጥላል። ሦስተኛው ባግ ይባላል፤ ሥራውን እዚያው ይገድላል፤ አንዳንድ ጊዜም ኮምፒዩተሩን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። መርማሪዎቹ ይህን ሦስተኛውን አጥብቀው ይቃወማሉ። ዋርንንም ቢሆን ከቶ መሆን ለማይገባው ነገር ብቻ ይፈቅዱታል፤ ማንም ተጠቃሚ በተሳሳተ ጥያቄ ሊቀሰቅሰው የሚችል ከሆነ እንዲወጣ ያዝዛሉ። መዝገቡ በከንቱ ጩኸት ከተሞላ እውነተኛው አደጋ በመካከሉ ይሰወራልና።

ይህን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ። እኔ በክፍሌ ውስጥ ስለ ቀለም ጠብታም፣ ስለ ማርፈድም፣ ስለ ታጠፈ ደብተርም በአንድ ዓይነት ቍጣ እጮኽ ነበር። አንድ ዓመት ጎበዝ የነበረ ልጅ በትምህርት ሰዓት ያንቀላፋ ጀመር። በእርሱም ላይ ያንኑ ጩኸት ጮኽሁ፤ እርሱም እንደ ልማዱ ሰምቶ ዝም አለ። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ተወ። ሌሊት በወፍጮ ቤት እየሠራ እናቱን ይረዳ እንደ ነበር ያወቅሁት ከሄደ በኋላ ነው። ድምፄ በሚያስፈልግበት ቀን አልቆ ተገኘ።

ምናልባት አንዱ «ክፉን ነገር ከማሳለፍ ሁሉን ማቆም ይሻላል» ይል ይሆናል። እርግጥ፣ መቀጠሉ የባሰ ጥፋት የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ያ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ስለ አንድ ሰው ስሕተት የሁሉን ሥራ ያፈረሰ ሰው ጥፋትን አበዛ እንጂ አላረመም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ትንሹን ስሕተት ለባለቤቱ በቀስታ ንገሩት፤ ከመናገራችሁም በፊት የያዛችሁትን ቂም ልቀቁ። ታላቁን ማስጠንቀቂያ ለሚገባው ቀን አቈዩት። ያ ቀን ሲመጣ ግን ዝም አትበሉ።