አጣሩ እንጂ አትሰልሉ

  

ከዑለማዎቻችን አንደበት ደጋግመን የሰማነው አንድ ታሪክ አለ። የምእመናን መሪ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በሌሊት የመዲናን ጎዳናዎች እየተዘዋወሩ ሲቃኙ ከአንድ ቤት የዘፈን ድምፅ ሰሙ ይባላል። አጥሩን ዘለው ገቡና ሰውየውን መጠጥ ይዞ አገኙት፤ ገሠጹትም። ሰውየው ግን፣ እኔ በአንድ ነገር ባጠፋ እርስዎ በሦስት አጥፍተዋል አላቸው። ሰልለዋል፤ በበሩ አልገቡም፤ ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ ገብተዋል። ዑመርም እውነቱን ተቀብለው ትተውት ወጡ።

የዑመርን ቅን ልብ የሚጠራጠር ሙስሊም የለም። እንቅልፋቸውን ያጡት ለሕዝቡ ሰላም ብለው ነው። ነገር ግን ቅን ልብ እንኳ አጥር ለመዝለል ፈቃድ አልሆናቸውም። መሪው ያ ታላቅ ሰው ሆኖ ሳለ ይህ ከተባለ፣ ከርሱ በታች ላለው ባለ ሥልጣን ምን ይባል?

ዛሬ አጥር መዝለል አያስፈልግም። ሰው በሩን ዘግቶ በተኛበት ለማን እንደደወለ፣ መቼ እንደደወለና ስንት ደቂቃ እንዳወራ በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የሚሊዮኖችን የስልክ ጥሪ ዝርዝር በጅምላ ይሰበስብ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ባወጣው ምስጢር ታወቀ። በ2015 የኒው ዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አሰባሰቡ ሕጉ ከሚፈቅደው ያለፈ ነው ሲል ፈረደ። በዚያው ዓመትም ይህን የጅምላ አሰባሰብ የሚያስቀር ሕግ ወጣ።

ፍትሐዊ እንሁን። ደኅንነት ይቅደም የሚሉት ሰዎች ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። በመስከረም 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከነርሱም መካከል ሙስሊሞች ነበሩበት። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነው። ጥያቄው ነፍስ ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ አይደለም፤ በምን መንገድ ይጠበቅ ነው።

መልሱ በአንድ ሱራ ውስጥ አለ። ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጽ አመፀኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ ያዝዛል፤ በ12ኛው አንቀጽ ደግሞ ክፉ ጥርጣሬንና ስለላን ይከለክላል። ሁለቱ ትእዛዛት አይጣሉም። ማጣራት ማለት የተነገረን አንድ ነገር እውነቱን መፈለግ ነው። ስለላ ግን ምልክት ሳይታይ የሰውን ሁሉ ጓዳ መበርበር ነው።

አሜሪካ በ2002 ምዝገባ ስትጀምር የተጠሩት ሰዎች ምን አድርገው ነበር? ከ25 አገሮች በጊዜያዊ ቪዛ የገቡ፣ ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ወንዶች ቀርበው አሻራና ፎቶ እንዲሰጡ ታዘዙ። ከሰሜን ኮሪያ በቀር አገሮቹ ሁሉ ሙስሊሞች በብዛት የሚኖሩባቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ባትኖርም ጎረቤቶቻችን ሱዳን፣ ሶማሊያና ኤርትራ ነበሩበት። ከ80,000 በላይ ሰዎች ሕግ አክብረው ሄደው ተመዘገቡ። ከነርሱም ከ13,000 በላይ የሚሆኑት ከአገር የማስወጣት ክስ ተከፈተባቸው። ከዚህ ሁሉ ምዝገባ በሽብር የተፈረደበት ሰው እንዳልተገኘ የመብት ተሟጋቾች ሲከራከሩ ኖረዋል። አሠራሩ በ2011 ቆመ፤ ደንቡም በ2016 ተሰረዘ። የጅምላ ጥርጣሬ ፍሬው ይህ ነበር።

መዝገብ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ሰው ላይ ይወድቃል። ማሌዥያዊቷ ሙስሊም እህታችን ረሒናህ ኢብራሂም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች፣ በ2005 በሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ በልጇ ፊት እጇ በካቴና ታሰረ። ስሟ እንዳይበሩ ከተከለከሉ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ነበር። በ2006 ከሰሰች፤ እስከ 2014 ድረስ ተከራከረች። በመጨረሻ የተገለጠው ምንድን ነው? አንድ የፌዴራል ፖሊስ ባልደረባ ፎርም ሲሞላ ምልክቱን ያለ ቦታው ማድረጉ! መንግሥት ግን ይህን ሁሉ ዓመት ምስጢር ነው እያለ ሲሟገታት ኖረ።

ወንድሞችና እህቶች፣ የአላህን መዝገብ አስቡ። በቀኝና በግራችን ያሉት መላእክት አይሳሳቱም፤ አላህም ማስረጃ አያሻውም። ይህም ሆኖ በዕለተ ቂያማ ሰው መዝገቡ ተዘርግቶለት ራሱ እንዲያነበው ይታዘዛል። ሁሉን የሚያውቀው ጌታ መዝገቡን ለባለቤቱ ካሳየ፣ የሚሳሳተው የሰው ልጅ በምን ሥልጣኑ ይደብቀዋል?

እንግዲህ ከዚያ ከመዲናው ሰው ሦስት ነገር እንማር። መዝገብ ለሚይዝ መንግሥት ሁሉ ልንጠይቀው የሚገባው ይኸው ነው። የማይሰልል ከሆነ፣ በአንድ በተወሰነ ሰው ላይ የተወሰነ ምክንያት ያቅርብ። በበሩ ይግባ፤ በሩም የዳኛ ፈቃድ ነው። ሰላም ይበል፤ ይኸውም ለሰውየው ነግሮ መልሱን መስማት ነው። ይህን መጠየቅ ለወንጀለኛ መሸሸጊያ መስጠት አይደለም። በነፍስ ላይ የሚዶለተውን በእርግጥ ያወቀ ሙስሊም ዝም ማለት አይፈቀድለትም፤ ምስክርነት አማና ነው።

ነገር ግን መንግሥታትን ከመውቀሳችን በፊት ወደ ቤታችን እንመልከት። የሚስቱን ስልክ በድብቅ የሚፈትሽ፣ የጓደኛውን ንግግር ሳያስፈቅድ ቀርጾ የሚያሠራጭ፣ በንግድ የተቀናቀነውን ሰው በሐሰት የሚጠቁም በመካከላችን የለምን? የስለላ መዝገብ ከሰው ምላስም ይሞላል። ነገ ስለ ስለላ ስናማርር፣ ዛሬ የማንን አጥር እንደዘለልን እንጠይቅ።

አላህ ከሚያጣሩት እንጂ ከሚሰልሉት አያድርገን። የተበደሉትን ሐቃቸውን ይመልስላቸው፤ አገራትንም ከሽብርም ከግፍም ይጠብቅ። አሚን። ወላሁ አዕለም።