የተዋስነውን ማን ያስታውስልን?

የሰው ልጅ ዕውቀቱን ሁሉ ከራሱ አመንጭቶ አያውቅም። ከአባቱ የሰማውን፣ ከመምህሩ የተማረውን፣ ከመጽሐፍ ያነበበውን ተቀብሎ፣ የራሱን ጥቂት ጨምሮበት ለተከታዩ ያስተላልፋል እንጂ። ስለዚህ ዕውቀት በአንድ ወገን ሀብት ሲሆን በሌላው ወገን ዕዳ ነው። ገንዘብ የተበደረ ሰው አበዳሪውን ቢክድ ከዳኛ ፊት ይቀርባል፤ አሳብ የተበደረ ሰው ግን ቢክድ ብዙ ጊዜ ከሳሽ አይገኝበትም። ዋሱ ኅሊናው ብቻ ነው። በዘመናችን ይህን የአሳብ ዕዳ የሚመዘግብልን መሣሪያ ተገኝቷል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው፣ መሣሪያው መዝገቡን ሲይዝልን ኀላፊነቱንም አብሮ ይይዝልናል ወይ? የሚለውን ጥያቄ ነው።

መሣሪያው አዲስ ቢሆንም አሳቡ የቆየ ነው። የዙሪኩ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር በ1545 እ.ኤ.አ. በላቲን፣ በግሪክና በዕብራይስጥ የተጻፉትን መጻሕፍት በአንድ ታላቅ ዝርዝር ሰብስቦ አሳትሟል። ይኸው ሊቅ ካነበቡት መጽሐፍ የሚፈልጉትን በወረቀት ላይ መገልበጥን፣ ወረቀቱንም እየቆራረጡ በየርእሱ ማደላደልን አስተምሯል። ከእርሱ ብዙ ዘመን በኋላ ጀርመናዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ኒክላስ ሉማን እ.ኤ.አ. በ1998 እስከ ሞተ ድረስ ወደ 90,000 የሚደርሱ የማስታወሻ ካርዶች አከማችቶ፣ አንዱን ካርድ ከሌላው ጋር በቁጥር እያያያዘ መጻሕፍቱን ይጽፍባቸው ነበር።

ዛሬ የካርዱን ሣጥን ሥራ ኮምፒዩተር ተረክቦታል። ለዚህ አገልግሎት ከተዘጋጁት ሶፍትዌሮች አንዱ ዞቴሮ ይባላል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ ያለ ዋጋ ለሕዝብ የቀረበ ነው። አጥኚው በኢንተርኔት ላይ መጽሐፍ ወይም የጥናት ጽሑፍ ባገኘ ጊዜ አንዲት ምልክት ቢነካ፣ የደራሲው ስም፣ ርእሱ፣ ዘመኑና አሳታሚው በመዝገቡ ውስጥ ይገባሉ። ከሥሩ ማስታወሻውን ይጽፍበታል። ጽሑፉን ሲያዘጋጅም መሣሪያው የግርጌ ማስታወሻውንና የዋቢ መጻሕፍቱን ዝርዝር በራሱ ይደረድርለታል፤ ያውም ልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶችና አሳታሚዎች ከሚጠይቋቸው ከ10,000 በላይ የአጻጻፍ ሥርዓቶች በተመረጠው መሠረት ነው።

የዚህ መሣሪያ ጥቅም የሚናቅ አይደለም። ሁለት መቶ መጻሕፍትን በፊደል ተራ ደርድሮ የጨረሰ ተማሪ፣ ነጥብና ሰረዙ የሚቀመጠው በሌላ ሥርዓት ነው ተብሎ ሁሉን እንደገና ሲጽፍ የሚያጠፋው ጊዜ ለንባብ ቢውል ይሻላል። ዋጋ የማይጠየቅበት በመሆኑም ባለጸጋውና ድኻው ተማሪ በእኩልነት ይገለገሉበታል። እንግዲህ ጥያቄያችን መሣሪያውን የመጥላት ጥያቄ አይደለም።

ነገር ግን በመሥሪያ ቤት የኖርን ሁሉ አንድ ነገር እናውቃለን። ደብዳቤ ወደ መዝገብ ቤት ሲገባ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ በፋይሉም ውስጥ ይቀመጣል። ይህም ደብዳቤው መድረሱን ያስረዳል እንጂ መነበቡን አያስረዳም። አንብቦ፣ አመዛዝኖ የሚፈርመው ኀላፊው ነው። ፊርማ ምስክርነት ነውና። እንደዚሁም በጽሑፍ ውስጥ የመጽሐፍ ስም መጥቀስ ጌጥ አይደለም። «ይህን ቃል ከዚህ ሰው አግኝቼዋለሁ፤ ብትጠራጠር ሂድና ተመልከት» ብሎ ለአንባቢ መመስከር ነው። መሣሪያው መዝጋቢ ሊሆን ይችላል፤ ምስክር ግን ሊሆን አይችልም።

ይህ ምስክርነት ምን ያህል እንደቀለለ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ሁለት ሊቃውንት፣ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ የገባ የቁጥር ስሕተት ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ እንዴት እንደሚተላለፍ መረመሩ። አንዱ የተሳሳተውን ሌላውም ያንኑ ስሕተት ሳይለውጥ ከደገመው፣ የገለበጠው ከዋናው ጽሑፍ ሳይሆን ከባልንጀራው ዝርዝር መሆኑ ግልጽ ነው። ከዚህም ተነሥተው፣ አንድን ጽሑፍ ከሚጠቅሱት ሰዎች ዋናውን የሚያነቡት ከአምስት አንድ ገደማ ናቸው ብለው ገመቱ። ይህ የሆነው ዞቴሮ ከመሠራቱ በፊት ስለሆነ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ማለት አይቻልም። ጥፋቱ የሰው ነው፤ መሣሪያው ግን መገልበጡን ከቀድሞው ይልቅ ያቀለዋል።

ከዚህም የባሰ አለ። አንድ ታላቅ አሳታሚ ድርጅት ዋቢ እንዴት እንደሚጻፍ ለደራሲዎች ለማሳየት፣ ከነደራሲዎቹ ስምና ከነገጽ ቁጥሩ የአንድ ጽሑፍ ምሳሌ አዘጋጅቶ ነበር። ጽሑፉ በዓለም ላይ ያልነበረ፣ ለምሳሌነት ብቻ የተፈጠረ ነው። ሆኖም ይህ የሌለ ጽሑፍ በመቶ በሚቈጠሩ የጥናት ጽሑፎች ዝርዝር ውስጥ እንደ እውነተኛ ምንጭ ገብቶ ተገኝቷል። አንዳቸውም ፈልገው ለማንበብ ቢሞክሩ ኖሮ አለመኖሩን በተረዱት ነበር። ሺህ ርእስ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አከማችቶ አንዱንም ያላነበበ ሰው፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ይደርስበታል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ባለበት አገር ልማድ ነው። ስለዚህ ስምን ለሁለት ከፍለው ሁለተኛውን ያስቀድማሉ። የክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ መንገድ ከተመዘገበ፣ በዝርዝሩ ላይ ጐልቶ የሚታየው «ዓለማየሁ» ይሆንና የልጁ ድካም ለአባቱ ይሰጣል። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የዘመኑ አቈጣጠር ካልተገለጸ ግን የውጭ አገር አንባቢ በራሱ አቈጣጠር ወስዶት መጽሐፉን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ዞቴሮ ስምን ሳይከፍል እንዳለ የሚቀበልበት መንገድ አለው፤ ያን መንገድ የሚመርጠው ግን ሰው ነው። ዕዳን መክፈል ብቻ አይበቃም፤ ለባለ ገንዘቡ መክፈል ያስፈልጋል።

ምናልባት፣ «ሥራ በበዛበት ዘመን ሁሉን ማንበብ የሚቻለው ማን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ሁሉን ማንበብ አይቻልም። ከእኛም የሚፈለገው ይህ አይደለም። በችሎት የቆመ ምስክር ሁሉን እንዲያይ አይገደድም፤ ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ሰማሁ» እንዲል ግን ይገደዳል። ዋናውን መጽሐፍ ሳናገኝ ቃሉን ከሌላ ሰው ጽሑፍ ያገኘን እንደሆነ፣ ያንኑ ሰው ጠቅሰን በእርሱ በኩል አገኘነው ማለት የሚያዋርድ አይደለም። የሚያዋርደው የሰሙትን አየሁ ማለት ነው።

ይህ ለአገራችን ትምህርት እንግዳ ሥርዓት አይደለም። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ደቀ መዝሙርም ትምህርቱን ከየትኛው መምህር እንደተቀበለ ሲጠየቅ ስማቸውን በክብር ይጠራል። መምህሩን የሚጠራውም ወግ ለማድረስ ብቻ ሳይሆን በፊታቸው ተቀምጦ የተማረ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው መሣሪያውን ሲያስተምሩ፣ ምልክቷን ከመንካት በፊት ገጹን መግለጥን፣ ከመዘገቡም በኋላ የተረዱትን በራሳቸው ቃል መጻፍን አብረው ቢያስተምሩ መልካም ነው። ሪፖርትና ጥናት የምናዘጋጅ የመንግሥት ሠራተኞችም ከዝርዝሩ ርዝመት ይልቅ የምስክርነቱን እውነተኛነት እናስቀድም። ያነበብናቸው አሥር መጻሕፍት፣ ካላየናቸው መቶ መጻሕፍት ይልቅ ያስከብሩናል። መዝገቡን ኮምፒዩተሩ ይያዝልን፤ ቃሉን ግን እኛ እንጠብቅ።