«ነቲንግ» እና አለመኖር

«ነቲንግ» («ምንም») የተባለው የእንግሊዝኛ አሉታዊ ቃል የስምን ቦታ ይይዛል፤ ግሱ ግን አፍራሽ ሳይሆን ይቀራል። በስም ቦታ የተቀመጠ ቃል ደግሞ የሚጠራው ነገር ያለው ይመስላል። «ኖባዲ»ም («ማንም») እንዲሁ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1871 በወጣው የሉዊስ ካሮል መጽሐፍ፣ አሊስ በመንገዱ ላይ ማንንም እንዳላየች ስትናገር አንድ ንጉሥ «ኖባዲ» የሚባል ሰው ያየች መስሎት በዓይኗ ጥራት ይቀናል።

ቃሉን የነገር ስም አድርጎ የመውሰድ ስሕተት ወደ ሃይማኖት ሲገባ ይከብዳል። እግዚአብሔር ዓለምን ካለመኖር ወደ መኖር አመጣው ሲባል፣ አለመኖር እንደ ሸክላ ሠሪ ጭቃ ያለ ጥሬ ዕቃ አይደለም። የሃይማኖት ሊቁ የካንተርበሪው አንሰልም በ11ኛው ክፍለ ዘመን ይህን በጥንቃቄ ለይቶታል፦ ዓለም የተሠራበት ነገር አልነበረም ማለት ነው እንጂ «ምንም» ከሚባል ነገር ተሠራ ማለት አይደለም።

ሰዋስው ግን ሁሉን አይፈታም። ከምንም ይልቅ አንዳች ነገር ለምን ኖረ የሚለው የፈላስፋው የላይብኒዝ ጥያቄ ቃሉ ስለተስተካከለ አይዘጋም፤ ዓለም ለምን ኖረ ብሎ «ምንም» የሚለውን ቃል ሳይጠቀሙ መጠየቅ ይቻላልና።