ደዌህን ከየት አመጣኸው ስለ ማለት

ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ መምህራቸውን የጠየቁት በደለኛው ማን እንደ ሆነ ነበር፤ ጌታችን ግን ዐይኑን አበራለት። እኛም በትግራይ ከጦርነት በተረፈው ወገናችን ፊት ቆመን ያንኑ ጥያቄ ስንደግም እንገኛለን።

ጦርነቱ በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ተነሥቶ በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ብዙ ሴቶች በታጠቁ ሰዎች ተደፍረዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2013 ዓ.ም. ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት እንደ ወትሮው ይሠሩ የነበሩት ከመቶ 13 ብቻ ነበሩ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ደግሞ በየቀኑ የሚወሰድ ነውና፥ በተቋረጠ ጊዜ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ እንደ ገና ይበዛል።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ «በግፍ የተያዘችውን እንርዳ፤ በገዛ ፈቃዱ ያመጣው ግን የዘራውን ይጨድ» ሲባል እንሰማለን። ቃሉ ፍርድ ያለበት፥ ርኅራኄም ያልጐደለው ይመስላል። ነገር ግን ርዳታው ለንጹሐን ብቻ ከሆነ፥ ወደ ጤና ጣቢያ የምትቀርብ ሴት ሁሉ አስቀድማ ንጽሕናዋን ማስረዳት ይኖርባታል። የተደፈረችው ግን ነገሩን ለእናቷ እንኳ ያልተናገረች ናት። ቫይረሱ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን መወሰድ አለበት፤ ሰው ምን ይለኛል ስትል ሦስቱ ቀን ያልፋል። ልንረዳት የለየናት እርስዋው፥ በመለየታችን ምክንያት ከቤት ትቀራለች።

የዘራውን ይጨድ የተባለውስ? መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው በሩካቤ ለሌላው አያስተላልፍም። ያለ መድኃኒት ከተተወ ግን መከራውን የሚያጭደው ብቻውን አይደለም፤ ሚስቱም የሚወለደውም ሕፃን አሉ።

ኀጢአት ኀጢአት አይባል ማለታችን አይደለም፤ ለዚያ የንስሐ አባት አለ፥ የሚሰማውም በምስጢር ነው። የመድኃኒት ማደያ የኑዛዜ ስፍራ አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ አስተምረዋል፤ ደዌህን ከየት አመጣኸው ተብሎ ከጠበል ደጅ የተመለሰ ድውይም አላየንም።

ስለዚህ የንስሐ አባት እንዲህ ያለውን ግፍ ከልጁ በሰማ ጊዜ፥ በእርስዋ ላይ ቀኖና የለምና፥ አስቀድሞ ቀኑን ይቍጠር። ሦስተኛው ቀን ካላለፈ በዚያው ሰዓት ይዟት ይሂድ፤ ቢያልፍም ለምርመራ ይውሰዳት። ካህን ከበሽተኛ ጋር በመንገድ ቢታይ፥ ምን ሆና ነው ብሎ የሚጠረጥር ጎረቤት ጥቂት ነው።