የታመመ ልብ እና የመስጂድ መንገድ



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! የዛሬው የጁሙዓ መልእክቴ ቤታችሁ ውስጥ የልብ ሕመም ያለበት አባት፣ እናት ወይም አያት ላላችሁ ነው። ራሳችሁ ታማችሁ የምታነቡም አላችሁና ለእናንተም ነው።

ከራሴ ልጀምር። አባቴ ደሴ ነው የሚኖሩት። ከሦስት ዓመት በፊት «የልብ ድካም አለብዎት» ተባሉ። እኛ ልጆቻቸው ደነገጥን፤ ድንጋጤያችንም ትእዛዝ ሆነባቸው። የውዱእ ውሃ አልጋቸው ድረስ አመጣን። መስጂዱ ከቤታችን በታች ስለሆነ «ሲመለሱ ዳገቱን አይችሉትም» ብለን ጀማዓ ከለከልናቸው። ሶላታቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲሰግዱ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ያውም ሐኪም ሳልጠይቅ።

በስድስት ወራቸው ከሳሎን ጓዳ ለመድረስ የሚያለከልኩ ሆኑ። በሽታው ጸናባቸው ብለን ይዘናቸው ሄድን። ሐኪሙ «በቀን ስንት ደቂቃ ይራመዳሉ?» አለን። ዝም አልን። አባቴ መለሱ፦ «ልጆቼ ከቀበሩኝ ቆዩ እኮ!»

ያ ቃል እስከዛሬ ያመኛል። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ሥራ የፈታ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ደም የሚያመጣለትን ኦክስጅን በደንብ መጠቀም ያቅተዋል። ከዚያ ለትንሹም እንቅስቃሴ የታመመው ልብ ይበልጥ መድከም ይኖርበታል። የአባቴ ድካም ግማሹ የበሽታው፣ ግማሹ የኛ ነበር።

በነገራችን ላይ ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን እንደኛው ያስቡ ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዘው ሰው ለሳምንታት አልጋ ላይ ይተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ሳሙኤል ሌቪን እና በርናርድ ላውን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በአሜሪካ ሕመምተኛውን ከአልጋ አንስቶ ወንበር ላይ ስለማስቀመጥ ሲጽፉ፣ ያ ራሱ ድፍረት ነበር። ዛሬ ግን ሕመሙ ለተረጋጋ ሰው በልክ የሆነ እንቅስቃሴ የሕክምናው አካል ነው።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የታመመውን ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስን (ረ.ዐ) ሲጠይቁ፣ እጃቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ሕመሙ የልብ መሆኑን ነገሩት፤ ወደ ሐኪሙ አል-ሓሪስ ኢብን ከለዳህም እንዲሄድ አመለከቱት። በሰነዱ ላይ ድክመት የጠቆሙ ዑለማዎች አሉ፤ መታከም የታዘዘ መሆኑ ግን በሌሎች ሐዲሶችም የጸና ነው። ሌላም አለ፤ ኢቃማ ስንሰማ እንዳንሮጥ፣ በእርጋታ እንድንራመድ፣ የደረስንበትን ሰግደን ያመለጠንን እንድንሞላ አዘውናል። ለልብ ሕመምተኛ ከዚህ የተሻለ የአረማመድ ትምህርት ከየት ይገኛል? በመጨረሻው ሕመማቸው ደግሞ እግራቸው መሬት እየጎተተ፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው ወደ መስጂድ ወጥተዋል። ልብ በል፤ ደገፏቸው እንጂ አላስቀሯቸውም።

በፈርድ ሶላት መቆም ለሚችል ሰው ሩክን ነው። መቀመጥ ላልቻለ የተሰጠ ምሕረት ነው እንጂ ልጆች በፍርሃት የሚያድሉት አይደለም።

እኛ የጀመርነው በአምስት ደቂቃ ነው፤ ጠዋትና ማታ፣ በላይኛው ሜዳ መንገድ፣ የመብራት ምሰሶ እየቆጠርን። የመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ምሰሶ ጋ ተቀመጡ። አሁን ዙህርና ዐስርን ቁልቁል በእግራቸው ወርደው በባጃጅ ይመለሳሉ። ባለፈው ሳምንት ባጃጁን ዳገቱ መሃል አስቁመው ቀሪውን በእግራቸው ገቡ። ሐኪሙን ሳያማክሩ በማድረጋቸው ስቆጣ «ኡስታዝ ነህ ወይስ ትራፊክ ፖሊስ?» አሉኝ።

ታዲያ ይህን አንብበህ ዛሬውኑ አባትህን ጦሳ ተራራ እንዳታወጣቸው! መጀመሪያ የሚከታተላቸውን ሐኪም ጠይቅ። ተቀምጠው እያሉ የሚያፍናቸው፣ እግራቸው አዲስ እብጠት የጀመረው ከሆነ እርምጃው ይቆይ። ሲራመዱ አብረሃቸው አውራ፤ እያወሩ መሄድ ከቻሉ ልኩ ነው፣ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው ቀንሱ። ደረታቸውን ከጨነቃቸው ወይም ካዞራቸው ወዲያው ያቁሙ፤ የደረቱ ሕመም ዐርፈውም በደቂቃዎች ውስጥ ካልለቀቃቸው ወደ ሆስፒታል ነው።

አንተ ወጣቱ፣ በልጅነትህ ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብህ በር የተጎዳብህ፣ ላንተ ሁኔታው ይለያል። በጣም የጠበበ የልብ በር ብርቱ ሩጫ አይችልም፤ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነም የሚያጋጭ ኳስ ጨዋታ አደገኛ ነው። ምን ያህል እንደተፈቀደልህ በግልጽ ጠይቅ፣ በየወሩ የታዘዘልህን መርፌም «ደህና ነኝ» ብለህ አታቋርጥ።

ዛሬ ከጁሙዓ ስትመለስ አባትህ ጋ ቁጭ በልና ከሐኪም ጋር ቀጣይ ቀጠሯቸው መቼ እንደሆነ ጠይቃቸው። አብረህ ሂድ፤ የእግር ጉዞውን ነገር አንተ አንሳው፣ እነሱ ያፍራሉ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጣቸው። ወሰላሙ ዐለይኩም።