የመስጊዱ ምንጣፍና ቁስለኛው

እስቲ ለአፍታ ራሳችሁን በአንድ የመስጊድ ዘበኛ ቦታ አድርጉ። ሌሊት ነው፤ ውጭ ፖሊስና ሰልፈኛ ተጋጭተዋል። አስለቃሽ ጭስ ዓይኑን ያቃጠለውን፣ ራሱም የተፈነከተውን ወጣት ሁለት ሰዎች ተሸክመው እየሮጡ ደረሱ። ጫማቸውን አላወለቁም። በሩን ትከፍታላችሁ ወይስ ትዘጋላችሁ?

ጥያቄው ከሐሳብ የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2013 መግቢያ፣ በኢስታንቡል የጌዚ መናፈሻን በመከላከል የተጀመረው ተቃውሞ ወደ ግጭት ሲለወጥ፣ በዶልማባህቼ የሚገኘው ታሪካዊው የበዝሚዓለም ወሊደ ሱልጣን መስጊድ የቁስለኞች መጠለያ ሆነ። በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች ያለ አንዳች ክፍያ ሲያክሙ አደሩ። ከዚያ በኋላ በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኤርዶጋን ሰልፈኞቹ ጫማ እንዳደረጉ ገብተዋል፣ ቢራም ጠጥተዋል ሲሉ ከሰሱ። የመስጊዱ ሙአዚን ግን ሲጠጣ ያየሁት ሰው የለም አለ፤ ቆይቶም ወደ ሌላ መስጊድ ተዛወረ። በኦክቶበር 2015 ፍርድ ቤት ከ255 ተከሳሾች 244ቱን ጥፋተኛ ሲል፣ ሁለት ሐኪሞች መስጊድ በማቆሸሽ ተፈረደባቸው።

መስጊድ በማቆሸሽ! እኔ ኪታብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ቃል እንደዋዛ ማለፍ አልቻልኩም። የመስጊድ ንጽሕና ቀላል ነገር አይደለም፤ ደምም በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ነጃሳ ነው። ነገር ግን በሒጅራ 5ኛው ዓመት፣ በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ ክንዱን በቀስት ሲመታ የት ታከመ? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቅርብ ሊጠይቁት ፈልገው በራሳቸው መስጊድ ውስጥ ድንኳን ተተከለለት። የሲራ ጸሐፊው ኢብን ኢስሐቅ እንደሚነግረን ድንኳኑ የሩፈይዳ ነበር። ይህች የአስለም ጎሣ ሴት ምንዳዋን ከአላህ ብቻ ፈልጋ ቁስለኞችን ታክም ነበር። የሰዕድ ቁስል ዳግም ሲፈነዳም ደሙ ፈስሶ እዚያው መስጊድ ውስጥ የበኑ ጊፋር ሰዎች ከነበሩበት ድንኳን ደረሰ።

ሰዕድ ሰሐባ ነው፣ የኢስታንቡሉ ደግሞ ሁከተኛ ነው የሚለኝ ይኖራል። ይሁን። መስጊድ ውስጥ ሽንቱን የሸናው የገጠር ዐረብስ? ሰሐቦች ሊከለክሉት ሲነሱ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስኪጨርስ እንዲተውት፣ ከዚያም በቦታው ላይ ባልዲ ውኃ እንዲያፈሱበት አዘዙ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዱ፣ «ኡስታዝ፣ ምንጣፉን ማን ያጥበው?» አለኝ። «እኔና አንተ» አልኩት።

ከበዱ የሚባለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያከመ ሰው የሰልፉ ተባባሪ ይሆናልን? ፖሊስ የራሱ ሥጋት አለው፤ ዛሬ የታሸገለት ነገ ድንጋይ ይዞ ይመለስ ይሆናል። እኔ ግን ሐኪም በፊቱ ስለወደቀው አካል እንጂ ስለ ነገው ሐሳብ ዳኛ ሆኖ አልተሾመም እላለሁ። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 ሃቫና ላይ በጸደቀው የኃይል አጠቃቀም መርሕ፣ ኃይል የተጠቀመው ወገን ራሱ ለተጎዳው ሰው በተቻለ ፍጥነት ሕክምና እንዲደርሰው ማድረግ አለበት ተብሏል። የቆሰለው ፖሊስ ቢሆንም በሩ ያው ነው፤ የደንብ ልብሱን አይቶ ፊቱን የሚያዞር በጎ ፈቃደኛ ስሙን አጥፍቷል።

በዚያው ጁን ወር በርኪን ኤልቫን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በፖሊስ የተተኮሰ የጭስ ቀለህ ራሱን መታው። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር ይላሉ ቤተሰቦቹ። 269 ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆይቶ በማርች 2014 አረፈ። ልጁ ከመሞቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በጃንዋሪ፣ ያለ ፈቃድ ሕክምና የሚሰጥን ሰው እስከ ሦስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ በቱርክ ወጣ። ድንገተኛ አደጋ ላይ መርዳት የተፈቀደው የመንግሥት ሕክምና እስኪደርስ ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ያልሠለጠነ እጅ እንደሚገድል ቢናገሩ እውነት አላቸው፤ እኔም ልጄን ለማያውቅ ሰው አልሰጥም። ነገር ግን አምቡላንሱ ከፖሊስ መስመር ወዲያ ማዶ ቆሞ ደሙ ወዲህ ሲፈስ፣ ያ በጎ ፈቃደኛ «ደርሷል» ብሎ እጁን የሚያነሣው በየትኛው ደቂቃ ላይ ነው?