ገብስ ያልሆነ ዕዳ

«ዕዳው ገብስ ነው» ማለት ነገር ማቅለያ ነው። ልጅ ፈተና ቢወድቅ፣ ጣሪያ ቢያፈስ፣ ቀጠሮ ቢዘነጋ «አይዞህ፣ ዕዳው ገብስ ነው» ይባላል። ተናጋሪው ስለ ዕዳም ስለ ገብስም አያስብም፤ አባባሉ ከረጅም አገልግሎት የተነሳ እንደ ሰላምታ ሆኗል። የሚጎረብጠው እውነተኛ ዕዳ ያለበት ሰው ጆሮ ሲገባ ነው። የማዳበሪያ ዋጋ ከዓመት ዓመት ሲንር፣ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ሲወደድ፣ በምዕራብ ሸዋ ያለ ባለዕዳ ገበሬ ይህን ማጽናኛ ምን ብሎ ይቀበለዋል?

አባባሉ ከየት እንደመጣ ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጊንጪ ወደ ካቺሲ የሚወስደው መንገድ ጎጆን አልፎ የጀልዱን ደጋ ያቋርጣል፤ አገሩ የገብስና የድንች አገር ነው። ገብስ ከጤፍና ከስንዴ ይረክሳል። ቶሎ ደራሹ ዘር ጎተራ በሚራቆትበት በክረምቱ ማብቂያ ለእሸት ይደርሳል። ቆሎው፣ በሶው፣ ጠላው ከእሱ ነው። በነሐሴ አንድ ቁና የተበደረ ጎረቤት በአጨዳ ጊዜ አንድ ቁና ይመልሳል፤ ቢበዛ ጥቂት ጨምሮ። እንዲህ ያለው ዕዳ ቀላል የሚሆነው ገብስ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሦስት ነገሮች ይገጥሙለታል፦ የሚከፈለው መሬቱ በሚሰጠው ነገር ነው፤ የሚከፈለው መሬቱ በሚሰጥበት ጊዜ ነው፤ አበዳሪውም ማሳው በረዶ እንደመታው በዓይኑ የሚያይ ሰው ነው። ሦስቱ ሲሟሉ አባባሉ እውነት ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን ገብሱ ቀርቶ ዕዳው ብቻ ይተርፋል።

ይህን ከሁሉ አብልጦ የፈተነው የ1993 እና የ1994 የበቆሎ ዋጋ ውድቀት ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ በመጀመሪያ በ1985 በጀመረው የሳሳካዋ ግሎባል 2000 ሠርቶ ማሳያ፣ ቀጥሎም ከ1987 ወዲህ መንግሥት በመላ አገሪቱ ባስፋፋው የኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ ገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን እንደ አንድ ጥቅል መውሰድ ለምዶ ነበር። የምዕራብ ሸዋ ዞን ምዕራባዊ ጫፍ ባኮ ለዚህ ማዕከል ነበረች፤ ቢኤች 660 የተባለው በሰፊው የተዘራ ዲቃላ በቆሎ የባኮ ምርምር ማዕከል ሥራ ነው። ማዳበሪያው በአብዛኛው በዱቤ ይሰጣል፣ ገበሬው ከፊሉን ቀድሞ ይከፍላል፣ ቀሪውን ከምርት በኋላ። ዝናቡ ደግሞ አልከዳም። ምርቱ ከመጠን በላይ ሆነና ገበያው አልችለው አለ፤ የበቆሎ ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ።

ይህ ከተለመደው የገበሬ መከራ ይለያል። አንበጣ አልነበረም፣ ድርቅም ገና አልመጣም፤ ጎተራው ሙሉ ነበር። ዕዳው በበቆሎ ቢሆን ኖሮ ያ ዓመት የዕዳ መክፈያ ዓመት በሆነ ነበር። ዕዳው ግን በብር ነበር። የእህሉ ዋጋ በግማሽ ሲወድቅ ያው ዕዳ እጥፍ ኩንታል ይጠይቃል፤ ሰብሳቢው የሚመጣውም ሁሉም ገበሬ በአንድ ጊዜ በሚሸጥበት፣ ዋጋው ይበልጥ በሚወርድበት የአጨዳ ማግሥት ነው። ጥጋብ ዕዳን ሲያከብድ አባባሉ የሚመልሰው የለውም። በቀጣዩ ክረምት ዝናብ ሲያጥር ብዙ ገበሬ ማዳበሪያ አልገዛም፤ በ1995 በአገሪቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለእርዳታ ተዳረገ።

ብድሩን ይሰበስቡ የነበሩት የቀበሌ አስተዳዳሪዎችና የልማት ሠራተኞች ናቸው። ሰውን እያሰሩ፣ በሬ እየነዱ፣ የቤት ዕቃ እየወሰዱ ማስከፈላቸው ስለ ጊዜው በተጻፉ ጥናቶች ይነበባል። ሕጉ ግን ሌላ ይላል። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 404 ለፍርድ ማስፈጸሚያ የማይያዙትን ዘርዝሯል፦ የባለዕዳውና የቤተሰቡ ልብስ፣ መኝታና ማብሰያ፤ የሙያው መሣሪያ፤ ባለዕዳው ገበሬ ከሆነ ደግሞ ለኑሮው ያስፈልጋሉ ተብለው በፍርድ ቤት የሚታመንባቸው ከብትና ዘር፤ ለሦስት ወር የሚበቃ ቀለብ። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን መወጣት ስላቃተው ብቻ አይታሰርም ይላል። በሬ የተነዳበት ገበሬ ጉዳዩ አንቀጽ 404 ፊት አልደረሰም፤ ችሎት ስላልቀረበ ጥበቃውም አልደረሰለትም። የሕጉ ጸሐፊዎች ከአባባሉ ባለቤቶች ጋር የተስማሙ ይመስላል፦ ዕዳ የሚከፈለው ማሳው ከሚሰጠው ነው፤ ማሳውን የሚያርሰው በሬ አይነካም።

ሰብሳቢዎቹን ክፉ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ አሠራሩ ግን ወደዚያ ይገፋ ነበር። ገንዘቡን ያበደረው ባንክ ነው፤ ዋስ የሆነው የክልሉ መንግሥት ነው። ገበሬው ካልከፈለ ከክልሉ በጀት ይቆረጣል፤ ማለትም ከትምህርት ቤቱና ከጤና ጣቢያው። ስለዚህ ገበሬውን የሚያውቀው የግብርና ባለሙያ፣ ማሳውን በዓይኑ የሚያየው ሰው፣ አስከፋይ ሆነ፤ ምክሩም ዛቻውም ከአንድ አፍ ይወጣ ጀመር። በኦሮሚያ ከ80 በመቶ በላይ የነበረው የብድር መመለስ ወደ 60 በመቶ ሲወርድ የክፍያ ጊዜው በሰፊው እንዲራዘም ተደረገ። መዘግየቱ ያሳዝናል እንጂ እርምጃው ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ማዳበሪያ በብዙ ቦታ በጥሬ ገንዘብ እንዲሸጥ ሆነ፣ ዱቤውም ቀስ በቀስ ወደ ብድርና ቁጠባ ተቋማት ተዛወረ። ከዚያው የዋጋ ቀውስ ትምህርት የወሰዱት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በ2000 የኢትዮጵያ ምርት ገበያን አቋቋሙ፤ ገበያው ግን የቡናና የሰሊጥ ሆነ፣ በቆሎ እምብዛም አልገባበትም።

እንግዲህ ዕዳ የከበደው ሰው በእጁ ያሉትን መንገዶች ሲመዝን መለኪያው ከአባባሉ ሊወሰድ ይችላል፦ የትኛው መንገድ ዕዳውን ወደ ገብስ ይመልሰዋል?

በካቺሲ አካባቢ የመጀመሪያ ሆኖ የሚታሰበው ከሌላ ተበድሮ መክፈል ነው፤ በዚህ መለኪያ ግን የመጨረሻው መሆን ይገባው ነበር። አራጣ በወንጀል ሕጉ የተከለከለ ነው፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2479 ተዋዋዮች በብድር ላይ ከ12 በመቶ የበለጠ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል። አራጣ አበዳሪ ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ ሁሉንም «የተቀበልኩት ገንዘብ» ብሎ ያስፈርማል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ በቀር በምስክር ስለማይረጋገጥ፣ ያ ወረቀት በችሎት የተበዳሪው ጠላት ነው። ከ2014 ማብቂያ ጀምሮ በቴሌብር የሚገኙት ብድሮች «መላ» እና «እንደኪሴ» ሕጋዊና ምቹ ናቸው፤ የመክፈያ ጊዜያቸው ግን አጭር ነው። ደመወዝተኛን ወር ያደርሳሉ፤ ሰኔ ላይ ለዘራ ሰው የጥር ገቢ አይሆኑለትም።

ሁለተኛው መንገድ መሬቱን መስጠት ነው። ወለድ አገድ የጥንት ዘዴ ነው፦ አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስ መሬቱን አርሶ ይበላል፣ ፍሬው ወለድ ይሆናል። ላይ ላዩን ሲያዩት ከገብሱ ብዙ አይርቅም። ችግሩ ፍሬው ዋናውን ዕዳ አለመንካቱ ነው፤ ባለመሬቱ ዓመታት አልፈውም የተበደረውን ያህል ዕዳ አለበት፣ መክፈያውን ማሳ ደግሞ ሌላ ሰው ያርሰዋል። በ1999 የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130 ገበሬ ከይዞታው ከግማሽ በላይ እንዳያከራይ የገደበው በዚህ ዓይነት ሥጋት ነው። በ2016 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል። ብድር ለሌለው በር ይከፍታል፤ ካልተከፈለ ግን ወለድ አገድ በአዲስ ስም ተመልሶ ይመጣል፣ ያውም በተቋም እጅ። በከተማ ቤቱን ለባንክ ያስያዘ ነጋዴ ከዚህ የባሰ አለበት፦ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ሦስተኛው ከአበዳሪው ጋር መነጋገር ነው፤ ከአባባሉ ጋር የሚስማማው ይህ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1989 የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተብሎ ተመሥርቶ በ2014 ሲንቄ ባንክ የሆነው ተቋምም ሆነ ሌላ አበዳሪ፣ ተበዳሪው ቀኑ ሳያልፍ ሲመጣ የክፍያውን ጊዜ የሚያራዝምበት አሠራር አለው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን ቅጣትና የተበላሸ ብድር መዝገብ ይቀድማሉ። እዚህ ላይ ባለዕዳን የሚጎዳው ድህነት ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታም ነው። በቡድን ዋስትና የተበደረ ሰው ጎረቤቶቹ ለእሱ እንደሚከፍሉ ስለሚያውቅ በሬውን በሌሊት ሸጦ ይገላገላል እንጂ «አቃተኝ» አይልም። ይህ ክብር ቢመስልም ውጤቱ ክፉ ነው፤ በሬ የሌለው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው ቡድን ሸክም ይሆናል። ሽማግሌ የሚጠቅመው እዚህ ነው። የኦሮሞ የሽምግልና ሥርዓት የሆነው ጃርሱማ ወለድ የማስቀነስና ቀጠሮ የማስቀየር የቆየ ልምድ አለው፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ከሰፈረ የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደ ዕርቅ ውል ያጸናዋል። ከብቱ ላለቀበት ዘመዱ ከብት አዋጥቶ የሚያቋቁመው ቡሳ ጎኖፋም ከዕዳ መክፈል ይልቅ ከፋዩን ማቆም የሚለውን ሐሳብ ከየትኛውም ባንክ ቀድሞ ያወቀ ሥርዓት ነው።

«አቃተኝ» ማለት የሚያሳፍር ከሆነ ከገበሬው በፊት ሊያፍር የሚገባው ሌላ ባለዕዳ አለ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 በ6.625 በመቶ ወለድ ከዓለም ገበያ አንድ ቢሊዮን ዶላር ተበድሮ በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፍል ቀረ። ከዚያ አስቀድሞ በ2013 መጀመሪያ አጋማሽ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ ዕዳው እንዲሸጋሸግለት አመልክቶ ነበር፤ በመጋቢት 2017 አበዳሪ መንግሥታት በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ ከስምምነት ደረሱ። ድርድሩ የተመሠረተው አገሪቱ መክፈል በምትችለው ልክ ነው፤ «ማሳህ ምን ሰጠ?» ከማለት አይለይም። ከዚያም ርቆ፣ በሚያዝያ 1996፣ ለከባድ ባለዕዳ ድሃ አገሮች በተዘጋጀው ፕሮግራም ኢትዮጵያ የዕዳ ስረዛ ስታገኝ፣ በምዕራብ ሸዋና በአጎራባቾቹ ስለ ማዳበሪያ በሬ ከተነዳ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። አገር ሲሆን «ሽግሽግ» የተባለው ገበሬ ሲሆን «አለመክፈል» ይባላል።

በአባባሉ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ክርክርም አለ፦ ዕዳ ሁሉ ገብስ ከሆነ አበዳሪ አይኖርም። የዋጋውንና የዝናቡን አደጋ አንድ ሰው መሸከም አለበት። ጎረቤት ቁናውን ሲያበድር ተሸክሞታል፤ ባንክ ግን አስቀማጮች አሉበት፣ ክልልም ትምህርት ቤት አለበት። ክርክሩ እውነት አለው። ሆኖም በ1994 አደጋው አልጠፋም፤ አቅሙ ከሁሉ ያነሰው ሰው ላይ ተጣለ እንጂ። ቀኑን ከአጨዳ ማግሥት ወደ ሰኔ ማሻገር ለአበዳሪ የጥቂት ወራት ወለድ ነው፣ እሱም ይከፈለዋል፤ ለገበሬው እህሉን በረከሰ ዋጋ በመሸጥና ዋጋው እስኪያገግም በማቆየት መካከል ያለው ልዩነት ነው። በ1996 አካባቢ የወጣው የመጋዘን ደረሰኝ ሕግም ዓላማው ይኸው ነበር፦ እህሉን አስቀምጦ በደረሰኙ መበደር። ለአነስተኛ ገበሬ ግን እንደታሰበው አልደረሰም።

አባባሉ ምንም የማይለው ማሳ ስለሌለው ባለዕዳ ነው፤ በካቺሲ የሚኖር አስተማሪ ወይም የጤና ባለሙያ ዕዳው ከቶም ገብስ ሆኖ አያውቅም፣ ደመወዙም በአዝመራ አይጨምርም። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ የኪሳራ ሥርዓትን ለነጋዴ ጻፈው፤ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ወጥቶ የተካው አዲሱ ሕግ ከኪሳራ በፊት መልሶ የማደራጀት ዕድል ጨመረ፤ ደመወዝተኛ ግን በዚያ በር የሚገባበት ልማድ የለም። የመንግሥት ሠራተኛ ላልሆነ ተቀጣሪ ያለው ጥበቃ ጠባብ ነው፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛው የወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ከሁለትና ከሦስት ቦታ የተበደረ ሰው አበዳሪዎቹን ለየብቻ ከማስታመም ይልቅ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ዘርዝሮ፣ ቀሪው ሁለት ሲሶ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ይበቃ እንደሆነ አስልቶ፣ ያንኑ ስሌት ይዞ የክፍያ ማራዘሚያ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ የመክፈያው ቀን ሳያልፍ ይቅረብ፣ ተቀባዩ ማህተም ያደረገበት ቅጂም በእጁ ይቅር።